«ሐይቁን አሳየኝ»፦ ወንድሜ በቪዲዮ የታከመበት አምስት ወር

ባሕር ዳር እየኖረ ጣናን ላለማየት የሚሞክር ሰው ምን ያህል እንደሚለፋ ያየሁት በታናሽ ወንድሜ ነው። ከቤታችን ገበያ ለመውረድ አሥር ደቂቃ የሚበቃውን መንገድ ትቶ፣ በሌላ ሰፈር ዞሮ አርባ ደቂቃ ይሄዳል። ባጃጅ ከተሳፈረ «በሐይቁ በኩል አትሂድ» ይላል። ምክንያቱን አይናገርም። ሹፌሩ ከጠየቀው ይወርዳል። ሁለት ዓመት ሊሞላው ትንሽ እስኪቀረው ድረስ እንዲህ ነው የኖረው።

ይህን የምጽፈው እሱ አንብቦ ከፈቀደልኝ በኋላ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ሰው እንዳይለየው ብዬ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ፤ የሕክምናውን አካሄድ ግን እንደነበረ አስቀምጬዋለሁ። እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ታላቅ እህቱ ነኝ፤ እሱ ከባለሙያዋ ጋር በቪዲዮ ሲገናኝ በር ላይ የምቀመጠውም እኔ ነበርኩ። አንዳንዱ «በስልክ ደግሞ ምን ሕክምና አለ?» ይላል። ሌላው «ስልክ ካለህ ምን ቸገረህ፣ ደውልና ታከም» ይላል። እኛ ቤት የሆነው ከሁለቱም ይለያል፤ ለዚያ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩት።

የደረሰበት ነገር

በ2015 ዓ.ም የበጋ ወራት ነው። አራት ሆነው በትንሽ የሞተር ጀልባ ከዘጌ ሲመለሱ፣ አመሻሽ ላይ ሞተሩ ጠፋባቸው። ጣናን የሚያውቅ ሰው ጠዋት ሐይቁ ለጥ ብሎ እንደሚያረፍድ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ግን ሌላ ውሃ እንደሚሆን ያውቃል። ማዕበሉ ጀልባዋን በጎን መታትና ገለበጣት። ከአራቱ አንዱም የመንሳፈፊያ ጃኬት አልለበሰም። የተገለበጠችውን ጀልባ እንደያዙ ጨለመባቸው። ወንድሜ በአንድ እጁ ጀልባዋን፣ በሌላው የልጅነት ጓደኛውን ይዞ ነበር። ሦስት ሰዓት ያህል ቆዩ። ሌላ ጀልባ ደርሶ ሲያወጣቸው ሦስት ነበሩ።

ጓደኛው በሁለተኛው ቀን ተገኘ። ወንድሜ ቀብር አልሄደም። ለቅሶም አልደረሰም። የዚህን ክብደት የሀገሬ ሰው ያውቀዋል። ጎረቤት ሞቶበት ያልደረሰ ሰው እንኳ የሐዘንተኛውን ዓይን ለማየት ያፍራል፤ እሱ ግን ከአንድ መሶብ በልተው ያደጉትን ልጅ ነው ሳይቀብር የቀረው።

ከዚያ እንቅልፍ ጠፋ። ሌሊት እየጮኸ ይነሳል፤ ሲነሳ ቡጢውን እንደጨበጠ ነው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ካልፈታንለት አይዘረጉም። የጄኔሬተር ድምፅ የጀልባ ሞተር እየመሰለው ይበረግጋል። ዓሣ ከቤታችን ጠፋ። ገላውን የሚያብሰው በእርጥብ ፎጣ ነበር፤ ውሃ ከላይ ከወረደበት ትንፋሽ ያጥረዋል። ቁጡ ሆነ። አረቄ ጀመረ። ሥራውን ተወ።

እናታችን መጀመሪያ ያሰበችው ፀበል ነው። ሰፈሩም «ውሃው ውስጥ ያለው ነገር ለክፎት ነው» ይል ነበር። ወሰደችው። ፀበሉ በራሱ ላይ ሲወርድ ጮኸ፣ ታገለ፣ ወደቀ። ያየ ሁሉ «ይኸው ጮኸ» አለ። እኔም በሰዓቱ አምኜ ነበር። ሐይቅ ውስጥ ከሞት የተረፈ ሰው ራሱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲወርድበት ቢጮህ ምን ይገርማል? ይህ የገባኝ ቆይቶ ነው። እናቴን አልወቅሳትም። ነገሩን ያቀለሉልን የነፍስ አባታችን ናቸው። «ለጊዜው ይጠጣው፤ መጠመቁ ይደርሳል። ሐኪሙንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው» አሏት። ያ ቃል ባይኖር እናቴ ለቀጣዩ ነገር እሺ አትልም ነበር።

ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ያየው ሐኪም ጥሩ ሰው ነበር፤ ከበሩ ውጪ ግን ወረፋው ረጅም ነው። የበሽታውን ስም መጀመሪያ የነገረን እሱ ነው፦ ፒቲኤስዲ። ከአደጋ በኋላ የሚመጣ፣ ከወር በላይ የቆየ ጭንቀት። ስሙ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ የገባው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሕመሙ ግን ሰው አደጋ ካየበት ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። መድኃኒት ጻፈለት። መድኃኒቱ እንቅልፉን ትንሽ አሻሻለ፣ ቁጣውንም ቀነሰ። ሐኪሙ ግን በግልጽ «ይሄ ብቻውን አይበቃም፤ ስለሆነው ነገር ከሠለጠነ ሰው ጋር በሥርዓት መነጋገር አለበት» አለን። ያ የሠለጠነ ሰው በአቅራቢያችን አልተገኘም። አዲስ አበባ ያለች ዘመዳችን አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ አገኘችልን፤ በቪዲዮ ትሠራለች አለችን።

ግን በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራት አልተመለሰም። ለሌላው ሰው የቀረበት ፌስቡክ ሊሆን ይችላል። እኛ የቀረብን ሐኪም ነው። በዚያ ላይ ሌሊት ተኩስ የምንሰማበት ጊዜ ነበር። ወንድሜ ደግሞ ድሮም እንቅልፍ የለውም። በስልክ ብቻ ለመጀመር ጠይቀናት ነበር። እሷ ግን ሳታየው ያንን ታሪክ ማስነሳት አልፈለገችም። እስከዚያው በየሁለት ሳምንቱ እየደወለች አተነፋፈስና የእንቅልፍ ሥርዓት አስተማረችው፤ መድኃኒቱንም እንዳያቋርጥ ትነግረው ነበር። በደንብ የተጀመረው ጥቅምት 2017 ዓ.ም ነው።

ስለ ሐይቁ ያልተነሳባቸው ሁለት ሳምንታት

እኔ የጠበቅኩት በመጀመሪያው ቀን «ምን ሆንክ?» ብላ ትጠይቀዋለች ብዬ ነው። አልጠየቀችም። መጀመሪያ የጠየቀችው «አሁን የት ነህ? ከየት አጠገብ?» ብላ ነው። የእኛ ሰፈር የቤት ቁጥር ብሎ ነገር አይሠራም፤ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ የግቢውን በር ቀለም ሳይቀር ጻፈች። ቅርብ ያለው ሐኪም ቤት የቱ እንደሆነ፣ በምን እንደሚደረስ ጠየቀች። በቅርብ የሚገኝ አንድ ሰው ስልክ ጠየቀች። ያ ሰው እኔ ሆንኩ። ራሱን ስለማጥፋት አስቦ ያውቅ እንደሆነም ፊት ለፊት ጠየቀችው። አስቤ አውቃለሁ አላት። እኔ ያንን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። እንዴት እንዳሰበ፣ አሁንስ ያስብ እንደሆነ፣ ያን ቀን ማንን እንደሚጠራ ተነጋግረው ጻፉ። የአረቄውንም ነገር አነሳች፤ በቀጠሮው ቀንና በዋዜማው እንዳይቀምስ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ በየቀጠሮው መጀመሪያ «ዛሬ የት ነህ? ማን አጠገብህ አለ?» ትለዋለች። አሰልቺ ጥያቄ ይመስል ነበር። አራተኛው ቀጠሮ ላይ ለምን እንደምትጠይቅ ገባኝ።

ክፍሉ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነበር። የምንኖረው ኪራይ ቤት ነው። በአንድ ግቢ አምስት አባወራ አለ፤ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» ትላለህ። እንዲህ ባለ ቤት ማን ነው ድምፁን ከፍ አድርጎ «እኔ ነኝ የገደልኩት» የሚል? እንዲህ አደረግን። ቀጠሮውን ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አደረግነው፤ ግቢው በአብዛኛው ገበያ የሚወጣበት ሰዓት ነው። እኔ በር ላይ ሬዲዮ ከፍቼ እቀመጣለሁ፤ እንዳልሰማ ነው ሬዲዮው። በሩና መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን። ጆሮ ማዳመጫ ገዛን። ድንገት ሰው ከገባ ወንድሜ «ሒሳብ ልሙላ» ይላል፤ እሷ ወዲያው ወሬውን ወደ ሌላ ታዞራለች። ሁለት ጊዜ ሠርቶልናል። አንዱ እናታችን ቡና ይዛ የገባችበት ቀን ነው።

ስልኩን መጀመሪያ በእጁ ይዞ ነበር የሚያወራው። ከለከለችው። «እጆችህንም ትከሻህንም ማየት አለብኝ» አለች። ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያክም ሰው ትንፋሽ ሲፈጥን፣ እግር ሲንቀጠቀጥ ያያል፤ ስልክ ላይ ግን ፊት ብቻ ነው የሚታየው፣ እሱም ደብዝዞ። ስለዚህ መሶቡ ላይ መጽሐፍ ደርድረን ስልኩን አስደገፍነው፤ ከወገቡ በላይ፣ ከነእጁ እንዲታይ። የራሱ ምስል በስክሪኑ ጥግ እንዳይታየውም አጠፋንለት፤ ራሱን እያየ «ፊቴ እንዲህ ሆኗል እንዴ» እያለ ሐሳቡ ይበተን ነበርና። መብራት ስለማይታመን ፓወር ባንክ ሁሌም ይሞላል። የቪዲዮውን ጥራት ዝቅ ስናደርገው አንድ ቀጠሮ ግማሽ ጊጋ አካባቢ ይበላል። ክፍያውን ሳንረሳ፦ የአንድ ቀኑ የቤታችንን የሳምንት አስቤዛ ያህላል። ሁለት ወንድሞቼ ተካፍለው ባያግዙን አንጨርሰውም ነበር።

ከዚያ ሌላ ሕመሙ ምን ያህል እንደከበደ የለካችበት መለኪያ አለ። 20 ጥያቄ ነው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይመለሳል፣ ድምሩ እስከ 80 ይደርሳል። ከ31 እስከ 33 ወይም ከዚያ በላይ ከደረሰ ባለሙያ በጥንቃቄ ሊያየው ይገባል ይባላል። የወንድሜ 58 ነበር።

ዓይን ጨፍኖ መናገር

የመረጠችለት መንገድ ኤድና ፎአ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያዳበሩት ነው። ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 ቀጠሮ ይፈጃል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለዚህ ሕመም እንዲህ ያሉ፣ በደረሰው አደጋ ላይ የሚያተኩሩ የንግግር ሕክምናዎችን መክሯል። በቪዲዮ ሲሰጥ ይሠራል ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ላይ ከኮሮና በፊት ጀምሮ እንደተጠና፣ ውጤቱም ክፍል ውስጥ ከሚሰጠው እንዳላነሰ ነገረችኝ። «ግን ቤቱ ከተዘጋጀ ነው» አለች። ያቺን ነገር ነው ሰው የሚዘላት።

ሥራው ሁለት ነው። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ያንን ምሽት አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መናገር ነው። «ነፋሱ እየመጣ ነው፤ ሞተሩ ጠፋ፤ እጁን ይዤዋለሁ» እያለ። ያንኑ ደግሞ እንደገና። ድምፁ ይቀዳል፤ በሳምንቱ ውስጥ በየቀኑ ቁጭ ብሎ ያዳምጠዋል። ሁለተኛው የሚሸሻቸውን ነገሮች ከቀላል እስከ ከባድ ዘርዝሮ አንድ በአንድ መቅረብ ነው።

ጭካኔ ይመስላል። እኔም መሰለኝ። ግን ነገሩ ሲገባን፣ ሰውነቱ አደጋው ማለቁን አልሰማም ነበር፤ የሚሰማበትን አጋጣሚ ሁሉ ደግሞ እሱ ራሱ ይሸሻል። የሸሸ ቁጥር ውሃው እዚያው እንደተናወጠ ይቀራል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ቅዠቱ ባሰ። እናቴ «ይቅርብን፣ ልጄን ጨረሰችው» አለች። ባለሙያዋ ይህ ሊመጣ እንደሚችል ቀድማ ነግራን ስለነበር ነው ያላቋረጥነው።

አራተኛው ቀጠሮ ላይ የተበላሸው ነገር ይኸውላችሁ። ዓይኑን ጨፍኖ እየተናገረ ነው። ጨለማው ጋ ደርሷል። ኔትዎርኩ ተቋረጠ። ዓይኑ ስለተጨፈነ አላየም። እሷ እየሰማችው መስሎት ቀጠለ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አናውቅም። ከዚያ የሆነ ነገር ጠየቃት፤ መልስ የለም። ዓይኑን ሲገልጥ ፊቷ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀርቷል። በዚያ ምሽት ጓደኛውን ሲጠራው፣ ሲጠራው፣ መልስ ያጣበትን ሰዓት ነበር እየተናገረ የነበረው። ልክ እዚያ ላይ እንደገና መልስ አጣ።

እሷ በመደበኛ ስልክ ደወለችለት። አላነሳም፤ ቪዲዮው የነበረበት ያው ስልክ ነው፣ ድምፁ ደግሞ ጠፍቷል። ለእኔ ደወለች። «ግቢ፤ አትያዢው፤ የሰጠሁሽን ወረቀት አድርጊ» አለችኝ። ገባሁ። ቁጭ ብሏል፤ ያየኛል ግን አያየኝም። እጁ ተጨብጧል። ወረቀቱ ላይ ያለውን አደረግኩ፦ ስሙን ጠራሁት፣ ዕለቱን ነገርኩት፣ ባሕር ዳር ቤታችን እንደሆነ ነገርኩት፣ እግሩን ወለሉ ላይ እንዲጫን አልኩት። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሆነ ሰው ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ እንዲያስነካ ይመከራል። ለእሱ ውሃ አይሆንም። ስለዚህ ገና በሁለተኛው ሳምንት በውሃ ፋንታ ጤና አዳም መርጠው ነበር። ከደጅ ቀጥፌ እጁ ላይ አሸሁለት። ሽታው ነው የመለሰው። «እትዬ» አለኝ። ከዚያ አለቀሰ።

ባለሙያዋ ያን ቀን ሳትሸፋፍን ይቅርታ ጠየቀችው። «ይህንን ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ» አለች። በዚህ ነው ያመንኳት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር ተቀየረ። የእኔ አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ፣ ደወሉ ከፍ ብሎ፣ አጠገቡ ይቀመጣል። እሱ ሲናገር እሷ በየመሃሉ «እህ» ትላለች። የተረት አባት ሲያወራ አድማጩ «እህ» እንደሚለው ማለት ነው። «እህ» ካልሰማ ዓይኑን ይገልጣል፣ ያቆማል። ሦስተኛው፣ ቪዲዮው ከተቋረጠ ታሪኩ እዚያው ይቆማል፤ በባለ ቁልፉ ስልክ ይገናኙና ስለ ቤት፣ ስለ ምሳ፣ ስለ ምንም ያወራሉ እንጂ ወደ ሐይቁ አይመለሱም። ሌላም ሁለት ቀን ተቋርጦባቸዋል። ሁለቱንም ቀን በሰላም አለፈ።

በሰባተኛው ቀጠሮ ላይ አንድ ነገር ወጣ። እስከዚያ ሁልጊዜ የሚለው «እጁን ለቀቅኩት» ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲገድለው የኖረው ያ ቃል ነው። ያን ቀን ግን ቀስ ብሎ ሲናገር «ጣቶቼ የት እንዳሉ አላውቅም» አለ። እሷም «እዚያ ላይ ቆይ» አለችው። ደጋግሞ ሲሄድበት ነገሩ ተገለጠ። እጁን አልለቀቀም። እጁ ደንዝዞ ነበር፤ መቼ እንደተለያዩ እንኳ አልተሰማውም። ያን ምሽት ከቀጠሮው ወጥቶ «እትዬ፣ ከሐይቁ ወጥቼ ሐኪም ቤት ያደርኩ ቀን ሸሚዜን ማን ቆለፈልኝ?» አለኝ። እኔ ነኝ። ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውት እኔ ነኝ አንድ በአንድ የቆለፍኩለት። ረስቼው ነበር። እሱም አያውቅም ነበር። ሁለታችንም ዝም አልን።

እዚህ ላይ እንዳይምታታ፦ ጥፋተኝነቱ በአንድ ቀን አልጠፋም። «ጃኬት እንልበስ ማለት ነበረብኝ» የሚለው አሁንም አለ። ባለሙያዋም «የለብህም» ብላ አልካደችውም። አራቱም ያልለበሱትን ጃኬት አንድ ሰው ብቻውን ይሸከመዋል ወይ ነው ያለችው።

ስልኩ ሐይቅ ዳር የወረደበት ቀን

ዝርዝሩን ሲሠሩ ለእያንዳንዱ ነገር ከ0 እስከ 100 የፍርሃት ቁጥር ሰጠ። በኩባያ ውሃ እጅ ላይ ማፍሰስ 30። ከቤዛዊት ተራራ ላይ ሆኖ ሐይቁን ከሩቅ ማየት 40። ሐይቅ ዳር ሻይ መጠጣት 60። የታሰረ ጀልባ ላይ መቀመጥ 80። በጀልባ መሄድ 90። እኔ ከዚህ በላይ የለም ብዬ ነበር። አንድ ነገር 100 ብሎ ጻፈ፤ እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ቤዛዊት ተራራ ላይ ብቻውን ወጣ። ጥምቀት ደረሰ፤ ካህናቱ ውሃ ሲረጩ ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ ጥቂት ጠብታ ደረሰው። ለወትሮው ሰው የሚጋፋለት በረከት ነው፤ ለእሱ የቤት ሥራም ነበር። እናቴ ያን ቀን እልል አለች፤ ለምን እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም።

ሐይቅ ዳር ግን ሁለት ጊዜ ወርዶ ሁለቴም ተመለሰ። ከዚያ ባለሙያዋ «እኔም ልምጣ» አለችው። አንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫ፣ ስልኩ በእጁ፣ እኔ ከኋላ ሃያ እርምጃ ርቄ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ዘንባባዎቹ ጋ ሲደርስ ቆመ። ምን እንዳለችው በኋላ ነው የነገረኝ። «ሐይቁን አሳየኝ» ነው ያለችው። ካሜራውን አዞረ። «ጣናን አይቼው አላውቅም፤ ያ የሚታየው ምንድን ነው?» አለች። መናገር ጀመረ። ያ ታንኳ ነው፣ ከደንገል ነው የሚሠራው። ያ ደሴት ደብረ ማርያም ነው፣ ዓባይ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። አሁን ነፋስ የለም፣ ይሄ ውሃ አሁን ለጥ ያለ ነው፣ ነፋሱ የሚመጣው ከምሳ በኋላ ነው፣ ሲመጣም መጀመሪያ ቀለሙ ይጠቁራል። እየተናገረ እግሩ እየሄደ ነበር። ውሃው ጫፍ ላይ ሲደርስ ማስተማሩን አላቆመም።

ይህንን ነው በደንብ እንድታዩልኝ የምፈልገው። ወንድሜ አዲስ አበባ ወርዶ፣ ጥሩ ክፍል ውስጥ፣ ጥሩ ወንበር ላይ ቢታከም ኖሮ ሐይቁ እዚያ የለም። ፍርሃቱ የሚኖረው እዚህ ነው። ሕክምናው ፍርሃቱ ወዳለበት የመጣው በዚያች በተሰነጠቀች ስልክ ነው። ድሮ ስለ ሐይቁ ሲያስብ ሁሉም ውሃ አንድ ነበር። አሁን የጠዋቱ ውሃና የማታው ውሃ ተለዩለት። መፍራት የሚገባውን መፍራት፣ የማይገባውን መተው ማለት ነው። ተኩስ በተሰማበት ሌሊት ወለል ላይ እንደተኛ ሲነግራትም እንዲሁ ነው ያለችው፦ «ይሄ በሽታ አይደለም፤ ይሄ ልክ ነው፤ ሁላችሁም ተኙ።»

የታሰረው ጀልባ ላይ ሦስት ቅዳሜ ተቀመጠ። በጀልባ የሄደው የካቲት ላይ ነው። በጠዋት፣ ጃኬት ለብሶ፣ እስከ ደብረ ማርያም ብቻ። እኔም ጃኬት ለብሼ አጠገቡ ነበርኩ። ሞተሩ ሲነሳ የእንጨቱን ጠርዝ ያዘ። መሃል ላይ ስንደርስ ለቀቀው። በመጨረሻው ቀጠሮ፣ በ13ኛው ማለት ነው፣ መለኪያው 22 ሆነ። አሁንም በወር አንድ ሁለቴ ይቃዣል። ማታ ጀልባ አይሳፈርም፤ እኔም አልሳፈርም።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የእኛን ጉዳይ የሰማች አንዲት ጎረቤት የባለሙያዋን ስልክ ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። የእሷ አደጋ ግን ቤቷ ውስጥ ያለ ሰው ነው። ባለሙያዋ ከዚያ ቤት ሆና በቪዲዮ ያንን ታሪክ መጀመር አደገኛ እንደሆነ፣ መጀመሪያ የምትወጣበት መንገድ እንደሚያስፈልግ ነግራታለች። በር ላይ የሚቀመጥ የምታምኑት ሰው ከሌለ፣ ወይም የሚያስፈራችሁ ሰው በሩ ውስጥ ካለ፣ ይህ መንገድ ለእናንተ አይደለም ወይም ገና አይደለም። ለባለሙያው ይህንን በመጀመሪያው ቀን ንገሩ።

100 የተጻፈው

100 ብሎ የጻፈው የጓደኛውን እናት ቤት ነው። ጀልባው 90፣ የእሳቸው በር 100።

ከደብረ ማርያም ከተመለስን በሁለተኛው ሳምንት ሄድን። ባለሙያዋን በስልክ ይዞ መግባት እንደሚችል ነግራው ነበር። «አይ፣ ይሄንን በቪዲዮ አልሄድም» አላት። ነጠላውን ዘቅዝቆ ለብሶ ነው የሄደው፣ ልክ ሐዘኑ ትናንት እንደሆነ። በሩን ሲያንኳኳ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሴትየዋ ከፈቱ። ለጥቂት ጊዜ አዩት። «መጣህ ልጄ» አሉት። እግራቸው ላይ ወደቀ፤ አነሱት፤ ሁለቱም አለቀሱ፤ እኔም።

ቡና ተፈላ። ሁለተኛው ሲቀዳ ሴትየዋ «ማንም በደንብ ነግሮኝ አያውቅም። እንዴት ነበር?» አሉት። ሁለቱ ከእሱ ጋር የተረፉት ልጆች አንድም ቀን መጥተው እንዳልነገሯቸው ያን ጊዜ ነው ያወቅነው። ወንድሜ ያንን ምሽት ስንት ጊዜ ተናግሮታል፣ ስንት ጊዜ በጆሮ ማዳመጫ ሰምቶታል። ዓይኑን አልጨፈነም። ከዘጌ ሲነሱ ጀምሮ፣ ሞተሩን፣ ነፋሱን፣ ጨለማውን፣ እየቀለዱ ለመበርታት የሞከሩትን ሁሉ በተራ ነገራቸው። እሳቸው በየመሃሉ «እህ» ይላሉ። እጁ ጋ ሲደርስ እኔ ተነሳሁና ወጥቼ፣ እንደለመድኩት በር ላይ ተቀመጥኩ።